የቤዝቦል ማሊያ ቁጥሮች፦ ልማድ፣ ገድና ውርስ

በአሜሪካ ቤዝቦል የማሊያ ቁጥር የተጀመረው ተመልካቹ ተጫዋቹን ከሩቅ እንዲለየው ነበር፤ ዛሬ ግን የክለቦች ታሪክ ከሚነገርባቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ሆኗል። አንዳንዱ ቁጥር በክብር እንዲያርፍ ስለተወሰነ ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም፤ አንዳንዱ መልካም ገድ አለው ተብሎ ይፈለጋል፤ ሌላው ደግሞ መጥፎ ዕድል ያመጣል ተብሎ ይሸሻል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የክሊቭላንድ ኢንዲያንስ በ1916፣ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ደግሞ በ1923 በተጫዋቾቻቸው እጅጌ ላይ ቁጥር ቢለጥፉም ሁለቱም ሙከራዎች አልዘለቁም። ልማዱ ሥር የሰደደው በ1929 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ኒው ዮርክ ያንኪስና ክሊቭላንድ በማሊያቸው ጀርባ ላይ ቋሚ ቁጥር አደረጉ። ቀዳሚው ማን ነው የሚለው አንዳንዴ ያከራክራል፤ ሐሳቡን አስቀድሞ ይፋ ያደረገው ያንኪስ ቢሆንም፣ ሚያዝያ 16 ቀን ሊያደርገው የነበረው የመክፈቻ ጨዋታ በዝናብ ምክንያት በመሰረዙ፣ በዚያው ዕለት የተጫወተው ክሊቭላንድ በሜዳ ላይ ቀድሞታል። እስከ 1937 ድረስ ሁሉም ክለቦች ተከትለዋል።

የያንኪስ አሠራር ቀላል ነበር፦ ቁጥሩ የሚሰጠው በመምቻ ተራ ነው። ሦስተኛ የሚመታው ቤብ ሩት 3፣ እሱን ተከትሎ የሚመታው ሉ ጌሪግ 4 ደረሳቸው። ከዚህ ተራ የክፍፍል ዘዴ በስፖርቱ ዓለም አቻ የማይገኝለት የቁጥር ቅርስ ተወለደ። ጌሪግ 2,130 ተከታታይ ጨዋታዎችን ከተሰለፈ በኋላ በጽኑ ሕመም ጨዋታ አቆመ፤ ክለቡም ሐምሌ 4 ቀን 1939 በያንኪ ስታዲየም ታላቅ የምስጋና ዝግጅት አደረገለት። ብዙዎች ይህንኑ ዕለት 4 ቁጥር ያረፈበት ቀን አድርገው ሲጠቅሱ፣ ውሳኔው የተገለጸው በ1940 መጀመሪያ ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ በሜጀር ሊግ ቁጥሩ በክብር ያረፈለት የመጀመሪያው ተጫዋች ጌሪግ መሆኑ አያጠራጥርም።

የሩት 3 ቁጥር ግን ያን ያህል አልተጠበቀም። ሩት በ1934 መጨረሻ ከክለቡ ከተለየ በኋላ ጆርጅ ሴልከርክ ለበሰው፤ ከእሱም በኋላ በሌሎች እጅ አለፈ። ቁጥሩ በክብር ያረፈው ሰኔ 13 ቀን 1948፣ ሩት በካንሰር ተዳክሞ በመምቻ ዱላ ተደግፎ በቆመበት ዕለት ሲሆን፣ ከሁለት ወር በኋላ ሩት ሞተ። በወቅቱ 3ን ይለብስ የነበረው ክሊፍ ሜፕስ ቁጥሩን መልቀቅ ግድ ሆነበት። ኋላ ወደ 7 ተዛወረ፤ በ1951 የበጋ ወራት ወደ ሌላ ክለብ ሲሸጋገር ደግሞ 7 ባዶ ቀረ። በዚያው ዓመት ወጣቱ ሚኪ ማንትል የ3፣ የ4 እና የጆ ዲማጂዮ 5 ተከታይ እንዲሆን ታስቦ 6 ተሰጥቶት ነበር፤ ሸክሙ ከብዶት ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ ሲመለስ ያገኘው 7ን ነው፤ ስሙም ከዚሁ ቁጥር ጋር ቀረ። የዴሪክ ጂተር 2 በ2017 ሲያርፍ በያንኪስ ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች ለአዲስ ተጫዋች የሚሰጥ አልተረፈም።

ከቁጥሮች ሁሉ ከፍ ያለ ክብር ያለው ግን 42 ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ጃኪ ሮቢንሰን ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ይህን ቁጥር ለብሶ ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲሰለፍ፣ በሜጀር ሊጉ ለአሥርተ ዓመታት የጸናውን የዘር ክልከላ ሰበረ። በ1997፣ በ50ኛው ዓመት መታሰቢያ፣ ቁጥሩ በሁሉም ክለቦች እንዲያርፍ ተወሰነ። አስቀድመው ይለብሱት ለነበሩት ተፈቅዶላቸው ስለነበር፣ የመጨረሻው ባለ 42 ፓናማዊው የያንኪስ ኳስ ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራ እስከ 2013 ተጫወተበት። ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ ሚያዝያ 15 ሁሉም ተጫዋቾች 42ን ይለብሳሉ። ብዙዎች የፖርቶ ሪኮው ሮቤርቶ ክሌሜንቴ 21ም ተመሳሳይ ክብር እንዲያገኝ ይጠይቃሉ። ክሌሜንቴ በ1972 የመጨረሻ ዕለት በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ኒካራጓውያን እርዳታ ይዞ ሲበር በአውሮፕላን አደጋ የሞተ በመሆኑ ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ይሁን እንጂ እስካሁን ለእሱ ክብር ቁጥሩን ያሳረፈው የራሱ ክለብ ፒትስበርግ ፓይሬትስ ብቻ ነው። ክሌሜንቴ 21ን የመረጠው ሙሉ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 21 ሆሄያት ስላሉት ነው ይባላል፤ ከዚያ በፊት ለአጭር ጊዜ የለበሰው 13ን ነበር።

13 በቤዝቦልም እንደ ሌላው የምዕራባውያን ኑሮ ይፈራል። የዶጀርሱ ኳስ ወርዋሪ ራልፍ ብራንካ ግን 13ን በፈቃዱ ለብሶ፣ እንዲያውም ከጥቁር ድመት ጋር ፎቶግራፍ ተነስቶ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 1951 ቦቢ ቶምሰን ብራንካ የወረወረውን ኳስ ከሜዳው አጥር አሻግሮ ሆም ራን በመምታት የናሽናል ሊግን ዋንጫ ለኒው ዮርክ ጃይንትስ ሲያስገኝ፣ ጥፋቱ በቁጥሩ ተላከከ፤ ብራንካም በማግስቱ ዓመት ቁጥሩን ቀየረ። ጃይንትስ በዚያ የውድድር ዘመን ተጋጣሚዎቻቸው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር በጣት የሚለዋወጡትን ምልክት በቴሌስኮፕ ይሰርቁ እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለታወቀ፣ 13ን መወንጀል ፍትሐዊ አይመስልም። በቬኔዝዌላ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዴቭ ኮንሴፕሲዮን በ13 ስለገነነ ኦዚ ጊየንና ኦማር ቪዝኬል እሱን አርአያ አድርገው ለበሱት። ቪዝኬል በ2010 ወደ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ሲዛወር 13 በአሠልጣኙ በጊየን ተይዞ ስለነበር፣ ሌላው የአገራቸው ሰው ሉዊስ አፓሪሲዮ በክብር ያረፈለትን 11 እንዲለብስ ፈቀደለት።

በጃፓን 18 የክለቡ ምርጥ ኳስ ወርዋሪ ቁጥር ነው፤ 4 እና 42 ደግሞ ድምፃቸው ሞትን ስለሚያስታውስ ብዙ ጊዜ ለውጭ አገር ተጫዋቾች ይሰጣሉ። ጃፓናውያን አሜሪካ ሲሻገሩም ለቁጥር ያላቸውን አክብሮት ይዘው ሄደዋል። ሾሄይ ኦታኒ በ2023 ዶጀርስን ሲቀላቀል ጆ ኬሊ 17ን ስለለቀቀለት፣ ለኬሊ ባለቤት ፖርሽ መኪና አበርክቷል። ኢቺሮ ሱዙኪ በ2001 ወደ ሲያትል ማሪነርስ ሲመጣ፣ ቀድሞ የራንዲ ጆንሰን የነበረውን 51 እንደማያሳፍር ለጆንሰን መልእክት ልኮ ነበር፤ በ2012 ወደ ያንኪስ ሲዛወርም 51 የበርኒ ዊሊያምስ ነው ብሎ 31ን ለበሰ። ማሪነርስ የኢቺሮን 51 በነሐሴ 2025 በክብር ሲያሳርፍ፣ ይኸው ቁጥር በ2026 ለጆንሰንም እንደሚያርፍ አስታውቋል።