ስለ ባላንስድ ኬብል የሚባለውና እውነታው

የአዳራሽ ሳውንድ ሲስተም «እዝዝ» ማለት ሲጀምር «ባላንስድ ኬብል ግዛ» የማይል የለም። ምክሩ ደህና ነው። አብሮት የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም።

«ባላንስድ ድምፅ ያሳምራል።» አያሳምርም። ሥራው በመንገድ ላይ የሚገባ ረብሻን ማስቀረት ነው። ኪቦርዱ ሚክሰሩ አጠገብ ከሆነ አጭር አንባላንስድ ኬብል ይበቃዋል። ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ሲያልፍ ነው ጣጣው።

«ረብሻውን የሚያስቀረው ሺልዱ ነው።» ሺልድማ (ሽቦውን ዙሪያውን የሚሸፍነው ብረት) ባላንስዱም አንባላንስዱም አላቸው። ባላንስድ ኬብል ውስጥ ግን ሁለት ሽቦ ተጠማዞ ይሄዳል። ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ መሰኪያ) ላይ ፒን 1 ሺልዱ ነው፤ ሲግናሉ ፒን 2 እና 3 ላይ ነው። ከመብራት መስመር የሚመጣው ረብሻ ሁለቱ ሽቦዎች ላይ እኩል ያርፋል። ሚክሰሩ የሚወስደው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሆነ እኩል የሆነው ይጠፋል። ለዚህ ደግሞ ሁለቱ ሽቦዎች ተቃራኒ ሲግናል መያዛቸው ግዴታ አይደለም፤ ወደ ኤርዝ ያላቸው ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ ያላቸው ተቃውሞ) እኩል መሆኑ ነው ወሳኙ። ይህን ባለሙያዎችም ሲስቱት አያለሁ።

«ጃኩ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ካለ ባላንስድ ነው።» የሄድፎን ጃክም እኮ ሁለት አለው! እሱ የሚይዘው ግራና ቀኝ ነው። የስልክን ሄድፎን መውጫ እንዲህ ባለ ኬብል ባላንስድ መግቢያ ላይ ቢሰኩት፣ ሚክሰሩ ቀኙን ከግራው ይቀንሳል። መሃል ላይ የተቀዳው፣ ማለትም በግራም በቀኝም እኩል ያለው የዘፋኙ ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። ኬብሉ ግን ጤነኛ ነው።

ባላንስድ ኬብል ጊታር ላይ መሰካትም ጊታሩን ባላንስድ አያደርገውም። ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይር ዕቃ) ለተገጠመለት ክራርም ያው ነው። ዲአይ ቦክስ (ሲግናሉን ባላንስድ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን) ተጫዋቹ እግር ሥር ይቀመጥና ከዚያ በኤክስኤልአር ይኬዳል።

አሁን አደገኛው፦ «እዝዝ ካለ የስፒናውን ኤርዝ ማላቀቅ ነው።» በፍጹም! አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽቦ ተላቅቆ ብረቱን ቢነካ፣ 220 ቮልት መሄጃ አጥቶ የጊታሩ ክር ላይ ይቆያል። ጊታሪስቱ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ በሰውነቱ ያልፋል። በዚህ የሞቱ ሙዚቀኞች አሉ። እዝዝታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዕቃዎቹ በተለያየ ሶኬት ተሰክተው ኤርዛቸው በኬብሉ በኩል ሲዞር ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ከአንድ መስመር ያብሯቸው። ካልጠፋ ዲአይ ቦክሱ ላይ «ግራውንድ ሊፍት» የሚል ማብሪያ አለ። እሱ የሚያላቅቀው የድምፅ ኬብሉን ሺልድ ብቻ ነው፤ የመብራቱን ኤርዝ አይነካም።