በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተሳቢ እንስሳትን ሳጥን ማሞቅ

እባብ፣ እንሽላሊትና ኤሊ የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከውጭ ነው። ሲበርዳቸው ፀሐይ ፍለጋ ይወጣሉ፣ ሲሞቃቸው ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የሚኖሩበት ሳጥን አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ዳር እስከ ዳር እኩል የሞቀ ሳጥን ምርጫ ያሳጣቸዋል።

የሚፈልጉት ሙቀት እንደ ዝርያው በጣም ይለያያል። ቢርድድ ድራገን የሚባለው የአውስትራሊያ እንሽላሊት ከመብራቱ ሥር ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ቦል ፓይተን ለሚባለው እባብ በሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ይበቃዋል። ክሬስትድ ጌኮ የሚባለው ትንሽ እንሽላሊት ደግሞ 28 ካለፈ ይጨነቃል። ለእሱ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ችግር ላይሆን ይችላል።

ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ብዙ ሰው የሚሮጠው ትልቅ አምፖል ለመግዛት ነው። ቀድሞ ማየት ያለበት ግን ሙቀቱ በየት እንደሚያመልጥ ነው። መስታወት ሙቀት አይዝም። የሽቦ ወንፊት ክዳን ካለው ደግሞ የሞቀው አየር ሽቅብ ወጥቶ ይሄዳል። ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ሳጥን በጣም ይሻላል። መስታወት ከሆነ ጀርባውንና ጎኖቹን ከውጭ በኩል በፎም መሸፈን፣ ከወለል ከፍ ማድረግ፣ ከመስኮትና ከበር ማራቅ ነው። ከክዳኑም የተወሰነውን መሸፈን ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ግን እርጥበት ይታመቅና ሻጋታ ይመጣል። የሚግለው መብራት አጠገብም ፎም አይጠጋም፣ እሳት ነው።

ማሞቂያን በተመለከተ፣ ቀን ላይ ብርሃንም ሙቀትም የሚሰጥ አምፖል ጥሩ ነው። ማታ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ይመረጣል። እሱ በጣም ስለሚግል የፕላስቲክ አምፖል መያዣ ያቀልጣል፤ የሴራሚክ መያዣ ይፈልጋል። ሳጥኑ ውስጥ ከተሰቀለም እንስሳው እንዳይነካው የሽቦ መከለያ ይደረግለታል። ቀይ አምፖል ለማታ ተብሎ ይሸጣል፣ ግን ብዙዎቹ እንስሳት ብርሃኑን ስለሚያዩት እንቅልፋቸውን ይረብሻል። ከሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ ወለሉን እንጂ አየሩን ብዙም አያሞቅም። በኤሌክትሪክ የሚግለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ እንስሳው ላዩ ላይ ተኝቶ ስለሚቃጠል ባይገዙት ይመረጣል።

የትኛውም ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን ከሚቆጣጠር መሣሪያ ውጭ፣ መሰካት የለበትም። ሙቀቱን የሚለካው የቴርሞስታቱ ሴንሰር በሞቃቱ ጫፍ በደንብ ይታሰራል። እንስሳው ጎትቶ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ከወሰደው ማሞቂያው ሳያቋርጥ ይነድዳል። ለዚህ ነው ለብቻው የቆመ ዲጂታል ቴርሞሜትር በሁለቱም ጫፍ የሚያስፈልገው። መስታወት ላይ የሚለጠፉት ክብ መለኪያዎች ብዙም አይታመኑም።

ብርድ የሚጎዳው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ምግብ መተው፣ መፍዘዝ ይታያል። የበላ እባብ ከበረደው ምግቡ ስለማይፈጭለት ሊያስታውከው ይችላል። አፍ ላይ አረፋ ወይም ሲተነፍስ ፉጨት ከተሰማ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት።

መብራት ከጠፋ መደናገጥ አያስፈልግም። ጤነኛ እንስሳ የጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜ ይችላል። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ አየር መግቢያ መተው፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ በአንድ ጥግ ማስቀመጥ ይበቃል። መብራቱ ሲመለስ ብርድ ልብሱ ማሞቂያው ሳይግል ይነሳል። ሙቀቱ እስኪስተካከል ድረስም ምግብ አይሰጠውም።