የዓባይ በረሃ መንገድ ለምን ይንሸራተታል? የሚባለውና እውነታው

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ ያለፈ ሰው አይቶታል። አስፋልቱ ቦታ ቦታውን ሰምጧል፣ ተሰንጥቋል፣ ወደ ገደሉ አዘንብሏል። ይጠገናል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ያው ነው።

«ጠንካራ ግንብ ከተሠራ ይቆማል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው ይህ አስተሳሰብ ነው። በበረሃው ብዙ ቦታ መንገዱ ያረፈው ከላይ ተንዶ በተከመረ ልል አፈርና ድንጋይ ላይ ነው። ይህ ክምር የሚንሸራተተው ከሥሩ ባለ ደካማ ንጣፍ ላይ ነው። የግንቡ መሠረት ከዚያ ንጣፍ በላይ ከቀረ ግንቡም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱ በጥልቀት ተቆፍሮ መንሸራተቻው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይታወቅ። ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ የሌለው ግንብማ ከጀርባው የተጠራቀመው ውሃ ራሱ ገፍቶ ይጥለዋል።

«አፈሩ የሚናደው ውሃ ስለሚያከብደው ነው»

ክብደቱ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን ግፊቱ ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል የገባ ውሃ ቅንጣቶቹን ይገፋፋቸዋል፣ እርስ በርስ የሚያያዙበት ጉልበት ይቀንሳል። ለዚህ ነው ከተዳፋቱ በላይ ውሃ የሚቀለብስ ቦይ፣ ውሃውን ለማውጣት ወደ ተዳፋቱ ውስጥ የሚገባ ቀዳዳ ያለው ቱቦና ከሰኔ በፊት የተጠረገ የመንገድ ቦይ ከብዙ ግንብ የሚሻሉት።

«ዝናቡ ካባራ ስጋቱ አለፈ»

አላለፈም። ውሃው ወደ ጥልቁ እስኪሰርግ ጊዜ ይወስዳል። የተናደ ቦታም ወዲያው አይረጋም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው።

«ዛፍ ይተከልበት»

ይተከል። የቬቲቨር ሣር ሥር ከ2 እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፤ የላዩን አፈር ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ከ10 ሜትር በታች ያለውን መንሸራተት ግን አይደርስበትም።

«የተናደውን በዶዘር ጠርጎ መንገድ መክፈት ነው»

በተዳፋቱ እግር ላይ የተከመረው አፈር የላዩን ደግፎ ይዟል። እሱን ማንሳት አዲስ ናዳ መጥራት ነው። መቀነስ ካለበት ከአናቱ ይጀመር። የተጠረገውንም ወደ ታችኛው ጠርዝ መድፋት ሌላውን ተዳፋት ያስጨንቃል፣ የውሃ መውረጃውንም ይደፍናል።

በአናቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ ግራና ቀኙ ላይ ካስማ ተክሎ ርቀቱን በየቀኑ መለካት ይቻላል። ስንጥቁን በሸክላ አፈር መድፈን ዝናብ እንዳይገባበት ይረዳል። ርቀቱ ከቀን ወደ ቀን እየፈጠነ ከሰፋ ግን መንገዱ ይዘጋ።