ለአነስተኛ ድርጅት መድን ሲመረጥ፦ ቅድሚያ ለሠራተኛው

ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ክፉ ቀን ሲመጣበት የሚደገፍበት ነገር ትንሽ ነው። አንድ እሳት ወይም አንድ ከባድ የሥራ ላይ ጉዳት የዓመታት ልፋቱን ሊበላው ይችላል። መድን፣ ብዙዎች እንደሚሉት ኢንሹራንስ፣ ይህን ሸክም ለብዙዎች ያከፋፍላል። ድርጅቱ በየጊዜው አረቦን ይከፍላል። በውሉ የተጠቀሰው ጉዳት ሲደርስ መድን ሰጪው ይክሳል።

የመድን ዓይነት ብዙ ነው፤ የአነስተኛ ድርጅት ገንዘብ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ሕግ የሚያስገድደው መድን ይቀድማል፤ እዚያ ላይ ምርጫ የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ድርጅቱን ከናካቴው ሊያዘጋ ለሚችል አደጋ የሚገባው ነው። የተሰበረ መስኮትና የጠፋ ስልክ ከራስ ኪስ ቢሸፈኑ ይሻላል። ብዙ ባለቤቶች የሚጀምሩት ከመኪናና ከዕቃ ነው። መጀመር ያለባቸው ግን ከሰው ነው።

የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ረጅም ታሪክ አለው። ቀድሞ በኢንዱስትሪ አገሮች በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ካሳ የሚያገኘው ቀጣሪው ጥፋተኛ መሆኑን በፍርድ ቤት ሲያስረዳ ነበር። እጁን በማሽን ያጣ ሠራተኛ፣ ደመወዙ ተቋርጦ፣ ከአሠሪው ጋር ይሟገት ማለት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣችው የአደጋ መድን ሕግ ይህን ቀየረች። ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ ከሆነ፣ የማን ጥፋት ነው ሳይባል ካሳ ይከፈላል። ብሪታንያም በ1897 ለተወሰኑ አደገኛ የሥራ ዘርፎች ተመሳሳይ መርህ ያለው ሕግ አወጣች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1925 በሥራ ላይ አደጋ ካሳ ዙሪያ ስምምነት አጸደቀ።

ዛሬ ይህ መድን ባብዛኛው የሕክምና ወጪን፣ በሕመም ጊዜ የቀረ ደመወዝን፣ የዘላቂ አካል ጉዳትንና የሞት ካሳን ይሸፍናል። በአንዳንድ አገሮች በመንግሥት ፈንድ በኩል ይሰጣል፤ በሌሎች ከግል ኩባንያ ይገዛል። ከእሱ ጎን የአሠሪ ኃላፊነት መድን አለ። ሠራተኛው «አሠሪው ቸል በማለቱ ተጎዳሁ» ብሎ ከመደበኛው ካሳ በላይ ቢጠይቅ የሚያገለግለው ይኼኛው ነው። ሁለቱ በአንድ ውል ተጣምረው ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ከመፈረም በፊት ጠይቆ ማረጋገጥ ነው።

አረቦኑ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከዓመታዊ ጠቅላላ ደመወዝና ከሥራው ዓይነት ተነስቶ ነው። የብረት በያጅና የቢሮ ጸሐፊ እኩል አይታዩም። እዚህ ላይ ክፉ ፈተና አለ። አረቦን ለመቀነስ ሲባል ደመወዝ አሳንሶ ማስመዝገብ፣ የቀን ሠራተኛውን መተው፣ በያጁን «ረዳት» ማለት። ይህ ቁጠባ አይደለም። መድን የተሟላ ቅን ልቦና የሚጠይቅ ውል ነው። መድን ሰጪው ስለ አደጋው የሚያውቀው መድን ገቢው፣ ማለትም መድኑን የገዛው፣ የነገረውን ነውና፣ የተደበቀ ነገር ሲገኝ ካሳው ሊቀነስ ወይም ሊከለከል ይችላል። ያኔ የሚጎዳው ሆስፒታል የተኛው ሰው ነው።

የቡድን ሕክምናና የቡድን ሕይወት መድን አስገዳጅ ባልሆኑበት ቦታም ጥሩ ሠራተኛ ለማቆየት ይረዳሉ። ቤተሰብን ይጨምራሉ ወይ? አስቀድሞ የነበረ ሕመምን ይሸፍናሉ ወይ? ሠራተኛው ሲለቅ ምን ይሆናል? እነዚህ ሦስቱ ይጠየቁ።

በንብረት መድን ብዙ ሰው የሚያዝንበት ጉዳይ ንብረትን ከእውነተኛ ዋጋው በታች መድን ማስገባት ነው። ንብረቱ 1,000,000 እያወጣ በ600,000 ብቻ ገባ እንበል። ከፊል እሳት ተነስቶ 200,000 ወደመ። ባለቤቱ «ከ600,000 በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ» ይላል። ውሉ የተመጣጣኝነት አንቀጽ፣ ማለትም ካሳው ንብረቱ መድን በገባበት ድርሻ ልክ ይሁን የሚል አንቀጽ፣ ካለው ግን የሚከፈለው የጉዳቱ 60 በመቶ፣ ማለትም 120,000 ነው። የቀረው 40 በመቶ በራሱ ላይ ይወድቃል። ዋጋ ሲንር የመድኑን መጠን አብሮ ማሳደግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ካሳው በአዲስ መተኪያ ዋጋ ይሁን ወይስ የእርጅና ቅናሽ ተደርጎ፣ እሱም ይለይ።

የሥራ መቋረጥ መድን የሚገባውን ያህል አይታወቅም። የእሳት መድን ማሽኑን ይተካል፤ ማሽኑ እስኪመጣ ግን ኪራይና ደመወዝ አይቆሙም። ይህ መድን የቀረውን ትርፍና መደበኛ ወጪዎችን በውሉ ለተወሰነው ጊዜ ይሸፍናል። እንደ እኔ ከሆነ፣ ሠራተኞቹን ሳይበትን ማለፍ የሚፈልግ ድርጅት ይህንን ከሌሎች ተጨማሪዎች ሊያስቀድመው ይገባል። ደመወዝ መካተቱንና ጊዜው መብቃቱን ግን ያረጋግጥ።

የሕዝብ ኃላፊነት መድን ደንበኛ ወይም አላፊ አግዳሚ ሲጎዳ ይሠራል። ምርት የሚሸጥ የምርት ኃላፊነት፣ ምክር ወይም ንድፍ የሚሸጥ ደግሞ የሙያ ኃላፊነት መድን ይፈልጋል። በሙያ ኃላፊነት መድን ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተቱ የተሠራበት ቀን ብቻ ሳይሆን የካሳ ጥያቄው የቀረበበት ቀንም ነው። ውሉ ከተቋረጠ ያለፈው ሥራ ሳይሸፈን ሊቀር ይችላል።

አረቦኑ ከከበደ፣ ሽፋኑን ከመቁረጥ በፊት ተቀናሹን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ተቀናሽ ማለት ከእያንዳንዱ ጉዳት ድርጅቱ ራሱ የሚችለው መጠን ነው። ዋጋ ሲወዳደርም የሚገለሉ፣ ማለትም መድኑ የማይሸፍናቸው፣ ሁኔታዎች ዝርዝር ጎን ለጎን ይነበብ። ርካሹ ውል ርካሽ የሆነው እዚያ ውስጥ ባለው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ወኪል የመድን ሰጪውን ውል ይሸጣል፤ ደላላ ደግሞ በመርህ ደረጃ ገዢውን ወክሎ ከብዙ ኩባንያዎች ዋጋ ያሰባስባል።

አዲስ ሠራተኛ፣ አዲስ ማሽን ወይም አዲስ የሥራ ቦታ ሲመጣ ውሉ ሳይታደስ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አደጋ ሲደርስም ውሉ የሰጠው የማሳወቂያ ጊዜ ሳያልፍ መናገር ግድ ነው። የደመወዝ መዝገቡ፣ የንብረት ዝርዝሩና የግዢ ደረሰኞቹ ቅጂ ደግሞ ከሥራ ቦታው ውጭ ይቀመጥ። ወረቀቱ ከንብረቱ ጋር ከተቃጠለ የጉዳቱን መጠን ማስረዳት የሚቸገረው መድን ገቢው ነው።