«ለርኒንግ ቴክኖሎጂስት» ሥራው ምንድን ነው?

በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ለርኒንግ ቴክኖሎጂስት» የሚለውን መጠሪያ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር የሚጠግን ይመስለዋል። አይደለም።

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ቁልጭ ይላል። አንድ መምህር ሙድል ውስጥ (ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት በኢንተርኔት የሚያቀርቡበት ሥርዓት ነው) መግባት አቃተው እንበል። የይለፍ ቃሉን የሚያስተካክልለት የአይቲ ክፍል ነው። ገብቶ የ90 ደቂቃ ቪዲዮ ሊጭን ሲል ግን ለርኒንግ ቴክኖሎጂስቷ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። «ተማሪዎችዎ ይህን አይተው ምን እንዲሠሩ ይፈልጋሉ?» ትለዋለች። ከዚያ ቪዲዮው አራት ቦታ ይከፈላል፣ በየመሃሉ ጥያቄ ይገባል፣ መስማት ለተሳነው ተማሪ የግርጌ ጽሑፍ ይጨመራል። ሥራዋ ማስተማሩ ላይ ነው።

የሚያደናግረው መደቡ ነው። ይህን ሁሉ እየሠራች የቅጥር ውሏ አብዛኛውን ጊዜ ከአስተዳደር ሠራተኞች ጋር ነው። ስለዚህ ከሌክቸረር እስከ ፕሮፌሰር ያለው የመምህራን መሰላል ለእሷ አይሆንም። ማደግ ከፈለገች ብዙ ጊዜ ኃላፊ መሆን ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ መሄድ ይኖርባታል። ጎበዝ ባለሙያ የሚወደውን ሥራ ትቶ ስብሰባ ላይ እንዲውል ማድረግ ለእኔ ትልቅ ብክነት ነው።

በዚህ ሙያ ስሙ የሚነሳው «ሲማልት» (CMALT) የሚባለውስ ምንድን ነው? ዲግሪ አይደለም፤ የሚቀመጡለት ፈተናም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የብሪታንያ የትምህርት ቴክኖሎጂ ማኅበር ያመጣው የሙያ ዕውቅና ነው። አመልካቿ የሠራችውን ከነማስረጃው አደራጅታ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ጽፋ ታቀርባለች። የሚገመግሟት የሙያ ባልደረቦቿ ናቸው። ወረቀቱን ስላገኘች ብቻ ግን ደመወዟ አይጨምርም፤ ያንን የሚወስነው ቀጣሪዋ ነው።