ሻይ፣ ወረፋና «ሶሪ»፦ የብሪታንያውያን የዕለት ተዕለት ልማድ

እኛ አገሩን በሙሉ «እንግሊዝ» እንለዋለን። ለስኮትላንድ ወይም ለዌልስ ሰው እንዲህ ብትሉት ፊቱ ይጠቁራል። የውሃ ማፍያ የሌለው ቤት ግን በሦስቱም አገር ማግኘት ይከብዳል። ክፉ ዜና ቢሰማ፣ ቧንቧ ሠሪ ቢመጣ፣ ፈተና ቢያልቅ፣ መጀመሪያ የሚነካው የማፍያው ቁልፍ ነው።

ሻይን በቤተ መንግሥት ፋሽን ያደረገችው በ1662 የእንግሊዙን ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስን ያገባችው ፖርቱጋላዊቷ ካትሪን ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቀረጡ ከባድ ስለነበር ኮንትሮባንዱ ደራ። በ1784 ፓርላማው ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ሲያወርደው ኮንትሮባንዲስቱ ሥራ ፈታ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1940 ጀምሮ፣ ሻይ በራሽን ሆነ፤ ለአንድ ሰው በሳምንት 57 ግራም ያህል። ራሽኑ የተነሳው ጦርነቱ ካለቀ ከሰባት ዓመት በኋላ በ1952 ነው።

አፈላሉ ቀላል ነው። ኩባያ ውስጥ የሻይ ከረጢት ይገባል፣ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፣ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ከረጢቱ ወጥቶ ቀዝቃዛ ወተት ጠብ ይደረግበታል። ቀረፋ የለ፣ ቅርንፉድ የለ። ለኛ ምላስ መጀመሪያ ላይ ሥራው ያላለቀ ይመስላል።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ሻይ ሊያፈላ የተነሳ ሰው «ማን ይፈልጋል?» ሳይል አይሄድም። አምስት ሰው ከፈለገ አምስት ኩባያ ተሸክሞ ይመለሳል፤ የማን ወተት እንደሚበዛ፣ የማን ስኳር ሁለት እንደሆነ በቃሉ ይዞ። ሁሌ እየጠጣ አንድም ቀን የማያፈላ ሰው ፊት ለፊት ምንም አይባልም። ከጀርባው ግን ይታማል።

ነገሩ የመብራት ባለሙያዎችን ሳይቀር ያስጨንቃል። አንድ ማፍያ 3 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በ1990 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝ በምዕራብ ጀርመን በፍጹም ቅጣት ምት ስትሸነፍ፣ ሕዝቡ ከሶፋው ተነስቶ ሻዩን ጣደ። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ባንዴ በ2,800 ሜጋዋት ዘለለ። እንዲህ ላለው ድንገተኛ ጫና ከሚደርሱት አንዱ ዌልስ ውስጥ፣ ተራራ ሆድ ውስጥ የተሠራው የዲኖርዊግ ጣቢያ ነው። ከላይኛው ሐይቅ ውሃ ለቆ ከ20 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከ1,000 ሜጋዋት በላይ ይሰጣል። መብራት በሚረክስበት ሌሊት ውሃውን መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሰሜን እንግሊዝ «ቲ» ማለት የማታ ምግብም ነው። ሻይ ብቻ መስሎት በልቶ የሄደ እንግዳ ወዮለት።

የእጅ መታጠቢያውም ጉድ ነው። በቆዩ ቤቶች ሁለት ቧንቧዎች ግራና ቀኝ ተራርቀው ይቆማሉ። አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ያደነዝዛል። ሙቅ ውሃው የሚመጣው ጣሪያ ስር ካለ ታንከር ስለነበር ለመጠጥ አይታመንም ነበር። ከመንገድ ከሚመጣው ንጹሕ ውሃ ጋር እንዳይቀላቀል ለየብቻ ቀረ። መፍትሔው ቀዳዳውን በውታፍ ደፍኖ ሁለቱን እዚያው ማደባለቅ ነው።

ወረፋ ላይ ቀልድ የለም። ሰልፍ የጣሰ ሰው ላይ ግን ብዙም አይጮኹም፤ ጉሮሮ ይጠራረጋል፣ ዓይን ይገላመጣል። በሴፕቴምበር 2022 ያረፈችውን ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥን ለመሰናበት 250,000 ያህል ሰው በቴምስ ወንዝ ዳር ተሰልፏል። ጥበቃው 24 ሰዓት የደረሰበት ጊዜ ነበር። ለሽንት የወጣ ሰው ቦታው እንዳይጠፋበት ቁጥር ያለው ወረቀት እጁ ላይ ይታሰርለት ነበር። ዴቪድ ቤካም ሳይቀር ከ12 ሰዓት በላይ ቆሟል።

ፐብ (መጠጥ ቤት) ውስጥ ግን ሰልፉ አይታይም። ሁሉም ባንኮኒው ላይ ተደርድሮ ይቆማል፤ ማን እንደቀደመ ግን ሁሉም ያውቃል። ቀጂው ቢሳሳት ደንበኛው ራሱ «እሱ ይቀድመኛል» ይላል።

«ሶሪ» የረገጠውም የተረገጠውም ይላል። «አይከፋም» ካሉ ብዙ ጊዜ ወደውታል። «ሐሳቡ ደስ ይላል» ካሉ ሊጥሉት ይሆናል።

መሄድ የፈለገ እንግዳም «ልሂድ» አይልም። ጉልበቶቹን በመዳፉ ጠፍ አድርጎ «ራይት!» ይላል። የቤቱ ባለቤት ኩባያ መሰብሰብ ይጀምራል። ከዚያ በር ላይ ቆመው ስለ ዝናቡ ሌላ ሩብ ሰዓት ያወራሉ።