ጥቂት ቺፕ ይዞ በሬዝ ላይ ኦል-ኢን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በፖከር ውድድር ሌላው ሬዝ ሲያደርግ (ውርርዱን ሲያሳድግ) ያለንን ጥቂት ቺፕ በሙሉ መግፋት፣ ማለትም ኦል-ኢን ማለት፣ ብዙ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉበት። ሒሳቡ እንዲታይ አንድ እጅ (ዙር) እንውሰድ። ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ የሚያስይዙት ስሞል ብላይንድ 500 እና ቢግ ብላይንድ 1,000፣ ከጨዋታው በፊት የሚዋጣው አንቲ በጠቅላላ 1,000 ነው። በተን (የካርታ አዳይ ወንበር) ላይ ያለው ወደ 2,200 ሬዝ አደረገ፤ ስሞል ብላይንዱ ካርታውን ጣለ። ቢግ ብላይንድ ላይ ያለነው እኛ ነን፤ ፖቱ (መሃል ላይ የተከማቸው ቺፕ) 4,700 ደርሷል።

«ኦል-ኢን የመጨረሻ አማራጭ ስለሆነ 5 ወይም 6 ብላይንድ እስኪቀር መጠበቅ ነው»

በጣም የተለመደውም በጣም የሚጎዳውም ይህ ነው። ብላይንዳችንን ጨምሮ በ6,000 ብንገፋ ተጋጣሚው 3,800 ብቻ ጨምሮ ለ9,700 ይጫወታል። 28 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ስለሚበቃው በማይረባ ካርታም ኮል ይላል (ውርርዱን ተቀብሎ ይጫወታል)፤ አልተሳሳተም። በ16,000 ስንገፋ ግን 13,800 መጨመር አለበት፤ የሚያስፈልገው ዕድል 41 በመቶ ይሆናል። በደካማ እጅ የከፈተ (መጀመሪያ ሬዝ ያደረገ) ሰው ካርታውን የሚጥለው እዚህ ነው። ከ12 እስከ 20 ቢግ ብላይንድ ያለው ስታክ (በእጅ ያለ ቺፕ) ለዚህ የሚመቸውም ለዚሁ ነው። ከ25 ካለፈ ለ4,700 ብሎ ያን ሁሉ ማጋለጥ ይበዛል።

«ከአራት ጊዜ ሦስቱን ካልጣለ ኪሳራ ነው»

ኮል በተባልን ቁጥር የምንሸነፍ ቢሆን ልክ ነበር፦ 4,700 ለማግኘት ከብላይንዳችን በላይ 15,000 ስንጨምር 76 በመቶ መጣል አለበት። ግን አምስቱም የጋራ ካርታዎች ይወጣሉ። ኮል በሚልባቸው እጆች ላይ 35 በመቶ ዕድል ካለን ከጠቅላላው 33,500 ፖት ድርሻችን በአማካይ 11,725 ነው፤ የምናጣው 3,275 ብቻ። ስለዚህ 41 በመቶ ያህል መጣሉ ይበቃል። ከሁሉም እጆች 40 በመቶውን ከፍቶ በ12 በመቶው ብቻ ኮል የሚል ሰው ደግሞ 70 በመቶ ይጥላል፤ በአማካይ ከ2,300 ቺፕ በላይ እናተርፋለን።

«ትልቅ ጥንድ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል»

ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው አስና 5 ጥሩ መሣሪያ ናቸው። አንዱ አስ እኛ ጋ ሲሆን ተጋጣሚው ሁለት አስ የሚይዝባቸው መንገዶች ከ6 ወደ 3፣ አስና ንጉሥ የሚይዝባቸው ከ16 ወደ 12 ይወርዳሉ። አስና ንጉሥ ይዞ ኮል ቢል እንኳ 30 በመቶ ገደማ ዕድል ይቀረናል።

«ማንም ይክፈት፣ ያው ነው»

አይደለም። በሞላ ጠረጴዛ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች የሚከፍት ሰው ጠንካራ እጅ ስላለው ብዙም አይጥልም። የእሱም ቺፕ ይቆጠር፦ በእጁ ያለው በጠቅላላ 8,000 ከሆነ 5,800 ጨምሮ ለ11,700 ስለሚጫወት 33 በመቶ ይበቃዋል። የእኛ 16,000 እዚህ ጋ ምንም አያስፈራውም።

«ትንሽ ሪሬዝ (በሬዝ ላይ ሌላ ሬዝ) አደጋውን ይቀንሳል»

ወደ 6,000 ብንመልስና እሱ ኦል-ኢን ቢል 10,000 ጨምረን ለ23,500 ነው የምንጫወተው፤ 30 በመቶ ካለን መጣል አንችልም። ታዲያ ፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጋራ ካርታዎች) የማየት ዕድል በርካሽ ለምን እንስጠው?

«የውድድሩ ዓይነት ለውጥ የለውም»

ሽልማት መከፈል ሊጀምር ሲል መካከለኛ ስታክ ያላቸው መውደቅን ስለሚፈሩ ይበልጥ ይጥላሉ። ተጫዋች ላወጣ ሽልማት የሚከፈልበት ውድድር ግን ሌላ ነው፦ ከቺፑ በተጨማሪ በእኛ ላይ ያለው ገንዘብ ስለሚያጓጓ፣ የእኛን ስታክ መሸፈን የሚችል ሰው በሰፊው ኮል ይላል፤ እዚያ ደካማ እጆችን ከዝርዝሩ ማውጣት ነው።